ጋሽ ወፍራሙ እና ትንሿ ሸክላ

ደሴ ፒያሳ ላይ «የድሮ ዘፈን የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚልኳችሁ እኔ ጋ ነው። ሰይድ እባላለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ድሮ ካሴት ይሸጥባት ነበር፤ ዛሬ ቻርጀርና የስልክ መሸፈኛ እሸጥባታለሁ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭንባታለሁ። ወሬ እንደምወድ አልደብቃችሁም። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሰው የዘፋኙን ታሪክ ሳይሰማ ከኔ ሱቅ አይወጣም። የሚኒባስ ሹፌሮች «ሰይዶ፣ ዘፈኑን ብቻ ጫንልኝ፣ ተራዬ ደርሷል» እያሉ ይለምኑኛል፤ እኔ ግን ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ሳልነግራቸው ፍላሹን አልነቅልም።

ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። አዋቂ ነኝ ብዬ በምኮራበት ሰዓት አላህ ጆሮዬን እንዴት አድርጎ እንደቆነጠጠኝ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት እናቴ ለሐጅ ስትሰናዳ ነው፤ አንድ ቅዳሜ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርደን እስክንመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ።

አባቴ አሊ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሌላው ሹፌር ከወደብ ቴርሞስና የሕፃን ጫማ ሲያመጣ አባዬ የሙዚቃ ሸክላ ያመጣል። ትልልቅ ሸክላዎች፤ የጥቁር አሜሪካውያን ሶልና ፈንክ ሙዚቃ። ከመርከበኛ ይገዛል፣ ከአስመራ ከሚወርዱ ሹፌሮች ይለዋወጣል። እንግሊዝኛው ከ«የስ» እና «ኖ» ስለማያልፍ የሚመርጠው በሽፋኑ ነበር። አፍሮው የገዘፈ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ሸሚዙ እስከ እምብርቱ የተከፈተ ሰው ካየ ያ ሸክላ ጥሩ ነው ማለት ነው። ደግሞም አይሳሳትም ነበር።

እኔና እህቶቼ ያደግነው በነዚያ ሰዎች መሃል ነው። ስማቸውን ማንበብ ስለማንችል እኛው ስም አወጣንላቸው። እየጮኸ የሚዘፍነውንና መጨረሻ ላይ ድምፁ የሚሰነጠቀውን «ላቦቴ» አልነው። አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ቀሚስ የለበሱትን ሦስቱን ሴቶች ደግሞ «የሐጂ ልጆች» አልናቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ታላቅ እህቴ ናት ያወጣችላቸው። ቤዝ ጊታሩ ሲጀምር ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴ ከጓዳ «አሊ፣ ብርጭቆዬን!» ትላለች። አባዬ ዝቅ ያደርገውና ዞር ስትል መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ዛሬም ጥሩ ቤዝ ስሰማ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚፈልገው የብርጭቆውን ድምፅ ነው።

ከነዚያ ሁሉ ትልልቆች መሃል አንዲት ትንሽ ሸክላ ነበረች። እሷ አማርኛ ናት። መሃሏ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተፍቆ የዘፋኙ ስም ጠፍቷል። አባዬ የሚያጫውታት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጁምዓ ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል ብቻ ነው። ዘፈኑ ከባድና ዘገምተኛ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ወንድ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያኘከ የባቲን መንገድ ይለምናል፣ የወሰድከውን ሰው መልስልኝ እያለ። መሃል ላይ ሳክስፎኑ ዝም ሲል ሰውዬው «ህእ፣ ህእ፣ ህእ» ብሎ ያቃስታል። እዚያ ቦታ ሲደርስ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ጀርባውን ስትገለብጡት ደግሞ ባንዱ ብቻውን ነው የሚጫወተው፤ ዘፋኝ የለበትም። እኛ ልጆቹ ሰውዬውን «ጋሽ ወፍራሙ» አልነው። ጀርባው ላይ የማይዘፍነው በልቶ ስለተኛ ነው ተባባልን።

ሸክላ ማጫወቻው ጎን ላይ አንዲት ትንሽ እጀታ ነበረችው። አባዬ እጀታዋን በሽቦ ጠፍሮ አስሯታል። «ከነካችኋት ሞተሩ ይቃጠላል» ብሎናል፤ እኛም አልነካናትም። ሹፌር ስለ ሞተር ያለውን ማን ይጠራጠራል? ሌላ ማጫወቻ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። ነገሩን የምታውቁ ካላችሁ ከአሁኑ እየሳቃችሁብኝ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ሳቁ።

አባዬ ከሞተ በኋላ ማጫወቻው ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኔ ቤት መጣ፣ እናቴም አብራ መጣች። ጁምዓ ከሰዓት ሸክላዋን ማጫወቱ የኔ ሥራ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ስልኬን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግቼ ቀዳሁትና ሱቅ ወስጄ ለአንድ ሹፌር ጫንኩለት። በወሩ ደሴ ሁሉ ጋሽ ወፍራሙን ይሰማ ጀመር። ከባድ መኪና ሐረጎን ሲወጣ እንደሚያቃስተው ያቃስታል ብለው «የሐረጎ ዳገት» አሉት። «ማነው ይሄ ሰው?» ሲሉኝ ዝም ማለት አልችልም መቼም። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰውነት ነበረው፣ ፍቅረኛው በባቲ መንገድ ሄዳ ቀረችበት፣ ማቃሰቱ የእውነት ነው፣ በወጣትነቱ ሞተ አልኩ። ሁሉንም ከራሴ ነው ያወጣሁት። ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ቆይቼ እኔም አመንኩት።

እናቴ ዘሃራ ይህን ሁሉ እየሰማች አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰችም።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት የበደለውን ሁሉ እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል። እናቴ ይህን ነገር የያዘችው ከልቧ ነው። ቧንቧ ውሃን ቤት ለቤት አዳረሰችው። ዶሮዋን በዱላ ያባረረችባትን ጎረቤት አፉ አስባለች። ሥጋ ሻጩን «አንድ ቀን ሚዛንህን በልቤ አምቼዋለሁ» ብላ አስደነገጠችው። እኔን ራሴን አስቀምጣ በልጅነቴ ያለ ጥፋቴ የመታችኝን አስታወሰችኝ፤ እኔ ረስቼው ነበር። «አፉ ብያለሁ እማዬ፣ በቃ» ስላት «እንዲህ በጥድፊያ አይባልም» ብላ ደግማ አስባለችኝ።

ጁምዓ ዕለት እንደተለመደው ጋሽ ወፍራሙን አጫወትኩላትና ሸክላዋን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። ነገ ኮምቦልቻ እንድወስዳት፣ ትንሿንም ሸክላ በጨርቅ ጠቅልዬ እንድይዛት ነገረችኝ። ለምን ስላት የሰው ሐቅ አለባት አለች። አባዬ ሰርቆ ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

«አባትህ የሰው ነገር አይነካም። ሐቁ ያለው በኔ ላይ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም፣ ሰይዴ።»

ከፋኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባዬ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። መኪናው ተሸጣለች፣ ልብሱ ለሰው ተሰጥቷል። አባዬን የማገኘው እዚያች ሸክላ ላይ ነው፤ ጁምዓ ከሰዓት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማቃሰቱ ጋ ፈገግ ሲል። እሷን ለማላውቀው ሰው አስረክቤ ልመለስ ነው። ድምፁ ስልኬ ላይ አለ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ስልኩ ግን አይሞቅም፣ አይሽከረከርም፣ የአባዬ ጣት አልነካውም። ለመንኳት። ለሰውዬው ሌላ ነገር እንስጠው፣ ትልልቆቹን በሙሉ እንስጠው አልኳት። «አብሽር፣ አይዞህ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ እንደልማዷ ጭጋግ ለብሳ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ደርባ፣ አዲሱን ሻሿን አስራ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሸክላዋ ጉልበቴ ላይ ናት። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ሹፌሩ ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? ጋሽ ወፍራሙን። ሹፌሩ ያውቀኛልና «የዘፈኑ አባት መጣ!» ብሎ ለተሳፋሪው አስተዋወቀኝ። እኔም ሐዘኔን ረስቼ የሰውዬውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሰውነቱን፣ ፍቅረኛውን፣ አሟሟቱን። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ማቃሰቱ ጋ ስንደርስ «ይሄ ከአንጀቱ ነው» አልኩ። እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አለቀሰች ብዬ ዝም አልኩ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐዩ ተቀበለን። ጋቢዋን ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ሰውዬው ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ ተፈራ የሚባል ሽማግሌ እንደሆነ መንገድ ላይ ነገረችኝ፤ ሰፈሩን ሰው አጠያይቃ አስቀድማ አግኝታዋለች። ቤቱ ሊደርስ ሲል ግን እርምጃዋ ዘገመ። አንድ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እንመለስ» አለችኝ።

«እንዴ! ለምን?»

«ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ረስቶት ይሆናል። ምን ብዬ ነው የምገባው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ጮቤ ረገጠች። ሸክላዋን ይዤ ቤቴ ልመለስ ነው። ሚኒባስ እዚያው ነበር። «እሺ» ለማለት አፌን ከፍቼ እጇን አየሁት። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። እናቴን እንዲህ ሆና ያየኋት አባዬ የሞተ ዕለት ብቻ ነው። እንዲህ እንደሆነች ከተመለስን ሐጁም ሰላም አይሰጣት፣ እኔም ያቺን ሸክላ ደስ ብሎኝ አልሰማት። ክንዷን ይዤ አስነሳኋትና በሩን ራሴ አንኳኳሁ።

የከፈቱልን ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው አትክልት ውሃ ሲያጠጡ ነበር። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እናቴን አዩ። የያዙትን ጆግ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ዘገየሽ፣ ዘሃራ» አሉ።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። እኔ ደግሞ ቀጠሮ እንዳላቸው አስቤ «መኪና ጠብቀን ነው ጋሽ ተፈራ፣ ይቅርታ» አልኩ። ጋሽ ተፈራ እኔን እንደገና አዩኝና «የአሊ ልጅ ነህ። አፍህ ያስታውቃል» አሉኝ።

ሳሎናቸው ንጹህ ነው። ግድግዳው ላይ ሳክስፎን ተሰቅሏል፤ ቢያረጅም ይወለወላል። ጥጉ ላይ ሻንጣ የሚመስል ሸክላ ማጫወቻ ተቀምጧል። ልጃቸው ለስላሳ ቀድታልን ወጣች። እናቴ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ሐጅ ልሄድ ነው ተፈራ፣ አፉ ልትለኝ ነው የመጣሁት» አለች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ጉልበቴ ላይ ያለው ጥቅል ላይ ነው።

«እሷ ናት?» አሉኝ።

ሳልወድ በግዴ ፈታሁላቸው። መሃሏን አዩ፣ የተፋቀውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ስለዚህ የሸክላዋን ታሪክ ልነግራቸው ጀመርኩ። ዘፋኙ ጋሽ ወፍራሙ እንደሚባል፣ ደሴ ሁሉ እንደሚወደው፣ ምስኪን በወጣትነቱ እንደሞተ። ጋሽ ተፈራ መጀመሪያ በጸጥታ ሰሙኝ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቃቸው ፈንድቶ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ ውሃ ሰጠኋቸው። እናቴን ባይ እሷም በሻሿ አፏን ይዛለች። ሚኒባሱ ውስጥ አልቅሳ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«አልነገርሽውም?» አሏት።

«አሊ መሐላ ነበረበት» አለች።

ሽማግሌው ተነስተው ሸክላዋን ማጫወቻቸው ላይ አስቀመጡ። የጎኑን እጀታ አንቀሳቀሱ፤ መርፌውን አወረዱ።

ትራምፔቶቹ ዘለው ወጡ። ከበሮው ከኋላቸው ይሮጣል፣ ቤዙ ይዘላል፣ ኦርጋኑ እሳት ነው። እንደዚያ ዓይነት ፈንክ ኮምቦልቻ ውስጥ ተሠርቶ ያውቃል ብትሉኝ ኖሮ አላምናችሁም። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ጋሽ ወፍራሙን እየገደሉብኝ ነዋ። «ጋሽ ተፈራ፣ ማሽንዎ ይሮጣል፣ ተበላሽቷል፣ ያቁሙት» አልኩ። በእጃቸው ዝም በል አሉኝ።

ከዚያ ድምፁ ገባ። ሴት ናት። ልጅ እግር፣ ጥርት ያለ፣ ደፋር ድምፅ። ያንኑ የባቲን መንገድ ትለምናለች፤ ስትለምነው ግን እየጨፈረች ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሴትዮዋን አላውቃትም። ማነች እያልኩ የማውቃቸውን የዚያን ዘመን ዘፋኞች ሁሉ በጭንቅላቴ አገላበጥኩ። ማንንም አትመስልም። ሳክስፎኑ ዝም አለ። ማቃሰቱ ጋ ደረስን።

ማቃሰት አልነበረም። ሳቅ ነበር። ልታፍነው ሞክራ ያመለጣት፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ሳቅ።

ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከጓዳ ስሰማው የኖርኩት ሳቅ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዞራ ያፈነችው እሱን ነው።

ዞሬ አየኋት። እናቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማጫወቻውን ታያለች። እንባዋ ይወርዳል፤ እግሯ ደግሞ፣ ሳታውቀው መሰለኝ፣ ምንጣፉን ይመታል። እኔ መናገር አቃተኝ። ሰይድ መናገር አቃተው! ሱቄ የሚመጡ ሹፌሮች ይህን ቢያዩ ምን ያህል ደስ ባላቸው።

ዘፈኑ ሲያልቅ እናቴ ነገሩን ሁሉ ለኔ እንደምታወራ ሆና ነገረችኝ፤ ይበልጥ ግን ለእሳቸው ነበር። ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ባንድ ነበራቸው። እሷ ትዘፍናለች፣ ተፈራ ሳክስፎን ይነፋል፣ ዜማውን የሚሠራውም እሱ ነው። አባቷ ደሴ ናቸው፤ ልጃቸው አክስቷ ጋ ተቀምጣ ስፌት የምትማር ነው የሚመስላቸው። አሊ የሚባል ሹፌር ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ባንዱ ሸክላ ለማስቀረጽ አዲስ አበባ ወጣ፤ አሊም መኪናውን አስነስቶ ተከተላቸው። የመጀመሪያውን ዘፈን ስትቀረጽ በመስታወቱ ማዶ ቆሞ ኮፍያውን ገልብጦ አድርጎ አሳቃት። ተፈራ እንደገና ይቀረጽ ቢል ቀራጩ ሰውዬ ሳቁ ይቆይ አለ። ሁለተኛውን በማግስቱ ሊቀረጹ ተቀጣጠሩ።

በዚያው ማታ አባቷ ነገሩን እንደሰሙና ወንድሞቿ ሊወስዷት እየመጡ እንደሆነ መልእክት ደረሰ። አሊ «እኔ ራሴ ወስጄሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ሄደች። ለባንዱ አልተናገረችም፤ ብትናገር እግሯ እምቢ እንደሚላት ስላወቀች።

ጋሽ ተፈራ ያን ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «እስከ ከሰዓት ጠበቅንሽ። ትመጣለች ስል፣ ትመጣለች ስል፣ ሰዓታችን አለቀ። ከዚያ ያላንቺ ተጫወትን። ያንቺን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ ሌላ ሰው እንዲገባበት አልፈለግሁም።»

ሸክላዋን ገለበጧት። እኛ «ጋሽ ወፍራሙ ተኝቷል» ስንል የኖርነው ጀርባ ጀመረ። አሁን በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው ገባኝ። ባንዱ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ጥግ ይይዛል፤ ሰው መግቢያ ይተዋል። ማንም አይገባም። እንደገና ይመጣል።

ሁለተኛው ክፍተት ላይ እናቴ ገባችበት። አልዘፈነችም።

«አፉ በለኝ፣ ተፈራ» አለች።

ሳክስፎኑ ተነሳ፤ በሃምሳ ዓመት ያነሰ ተፈራ ይነፋል። ሽማግሌው ተፈራ ጭንቅላታቸውን ደፍተው የራሳቸውን ትንፋሽ አዳመጡ። ቀጣዩ ክፍተት እስኪመጣ ጠበቁ።

«አፉ ብያለሁ» አሉ። «ሂጂ፣ በሰላም ተመለሺ። ለኔም ዱዓ አድርጊልኝ።»

እኔ ፊቴን በጋቢዋ ጠረግኩ። ላብ ነው አልኳቸው፤ ኮምቦልቻ መቼም ይሞቃል።

ምሳ ካልበላችሁ ብለው ያዙን። ልትወጣ ስትል እናቴ ሸክላዋን ሰጠቻቸው፣ ግማሹን ሳልሠራ የወሰድኩት ነው ብላ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ተፈራ መልሰው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡልኝ። እሳቸው የራሳቸው አላቸው። ይቺኛዋን፣ ሸክላው ታትሞ ሲመጣ፣ ራሳቸው መንገድ ላይ አሊን አስቁመው በመስኮቱ ወርውረውለት ነበር፣ ሰላም እንኳን ሳይሉት። «ያኔ በንዴት ነው የሰጠሁት፣ አሁን በደስታ ሰጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው አሊ እንዴት አድርጎ እንደሚያጫውታት ጠየቁኝ። ስለ ሽቦው ነገርኳቸው።

ለምን እንዳሰረው የነገረችን እናቴ ናት። አባቷ ለጋብቻው እሺ ያሉት አሊን በቁርአን አስምለው ነው፤ የልጄን ዘፈን ከቤትህ ማንም እንዳይሰማው ብለው። አሊ ማለ። ሸክላዋ ስትደርሰው ታዲያ ሊሰብራትም አልሆነለት፣ መሐላውን ሊያፈርስም አልሆነለት። አስቦ አስቦ ስሟን ፋቀ፣ ማጫወቻውን ዝግ ያለው ፍጥነት ላይ አድርጎ በሽቦ አሰረው። ትልልቁ ሸክላ በዝግታ፣ ትንሹ በፍጥነት ነው የሚዞረውና፣ ሽቦው እንዳይፈታ ከዚያ ወዲያ ትልልቁን እንጂ ትንሹን ገዝቶ አያውቅም። አባቷ ራሳቸው አንድ ጁምዓ ቤታችን መጥተው ጋሽ ወፍራሙን ሰምተዋል። ጨዋ ዘፋኝ ነው ብለው መረቁት።

ጋሽ ተፈራ ለሁለተኛ ጊዜ ውሃ አስፈለጋቸው።

ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወደ ቧንቧ ውሃ በባጃጅ ገባን። ባለባጃጁ ወጣት ነው፣ አያውቀኝም። የከፈተው «የሐረጎ ዳገት»ን ነው። እናቴ ከኋላ ጎንበስ ብላ ማነው የሚዘፍነው ብላ ጠየቀችው። አላህ ይይልህ የሚል ዓይን ለኔ ወረወረች።

«ጋሽ ወፍራሙ ነው፣ እማማ። ሞቷል። ጎበዝ ሰው ነበር ይላሉ፣ ነፍሱን ይማር።»

«አሚን» አለች እናቴ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

አሁን ከሐጅ ተመልሳለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጤና። እናንተን አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ «እናቴ ናት፣ አውቃታለሁ» ብላችሁ የጨረሳችኋት ሰው ካለች ዛሬውኑ ጠጋ ብላችሁ ከእናንተ በፊት ምን እንደነበረች ጠይቋት። እኔ ሩቅ አገር ያሉ ዘፋኞችን የልብስ ቀለም ሳይቀር ሳጠና፣ የወደድኩት ድምፅ ባለቤት ጓዳ ሆና ስለ ብርጭቆዋ ትጮህ ነበር። ሱቄ ውስጥ አሁንም አወራለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ግን ፍላሹን ከነቀልኩ በኋላ ደንበኛዬን እጠይቃለሁ፤ አንተስ ቤት ማን ይዘፍን ነበር እላለሁ። የሚገርም ነገር ሰምቻለሁ። ጋሽ ወፍራሙን ግን አልገለጥኩትም፣ ስሟም እዚህ እንደጻፍኩት አይደለም። ታሪኩን የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። በዚያው ቅዳሜ ቤት እንደገባን ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ፒንሳ አነሳሁና የአባዬን ሽቦ ቆረጥኩት። እጀታዋን ገፋሁ፣ ሸክላዋን አስቀመጥኩ፣ እናቴን ጠራኋት። ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ድምፅ ትሰሚዋለሽ አልኳት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። የተቆረጠውን ሽቦ ከወለሉ ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«መልሰህ እሰረው» አለችኝ። «ኮምቦልቻ የሰማነው የተፈራና የኔ ነው። ይሄኛው የአባትህ ነው።»

አሰርኩት። ጁምዓ ከሰዓት ምሳ ተበልቶ፣ ማጫወቻው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጋሽ ወፍራሙ መንገዱን ይለምናል። ማቃሰቱ ጋ ሲደርስ እናቴ አፏን በሻሿ ይዛ አባዬ አጠገቧ የተጋደመ ይመስል ባዶውን ቦታ ታያለች፣ ትስቃለችም።